ኢሲጂ ላይ የቱን ካየሁ ልሩጥ? ከድንገተኛ ክፍል ለመጣ ጥያቄ የልብ ሐኪም ምላሽ

ሰላም ሲስተር፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው፦ የምትሰሪው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያትም) ማሽን ገብቶላችኋል፣ የምታነሺው አንቺ ነሽ፣ ጂፒው (ጠቅላላ ሐኪሙ) አንዳንዴ ዋርድ አንዳንዴ ኦፕሬሽን ክፍል ስለሚሆን ወረቀቱን መጀመሪያ የምታይውም አንቺው ነሽ። አንዲት የ27 ዓመት ሴት ትንፋሽ እያጠራት ልቧ እየመታባት መጣች፣ ማሽኑ "ሳይነስ ታኪካርዲያ ከትርፍ ምቶች ጋር" (ከመደበኛ መነሻው የሚመጣ ግን የፈጠነ ምት፣ መሃል መሃል ትርፍ ምት ያለበት) ብሎ ጻፈ፣ ጭንቀት ነው ተብላ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ከሳምንት በኋላ ብሶባት ስትመለስ ያው ማሽን "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን" (የልብ ላይኛ ክፍሎች ዝም ብለው የሚርገበገቡበት፣ ምቱ ተራ የሚያጣበት) አለ። የቱን ልመን ብለሽ ጠየቅሽ፣ ቀጥለሽ ደሞ "ሁሉንም አውቄ አልጨርሰውም፣ የቱን ካየሁ ነው ዶክተሩን ሮጬ መጥራት ያለብኝ" አልሽ። ይሄ ሁለተኛው በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እመልሰዋለሁ።

መጀመሪያ ግን የልጅቷን ነገር እንጨርስ፣ እሷ የምትቆይ አይደለችም። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው፣ ማሽኑ ስለጻፈው ግን አይደለም። ከላይ የሚታተመው ጽሑፍ የኮምፒውተር ግምት ነው፣ ሬት (በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ) በመቁጠርና የኪው አር ኤስን (የልብ ታችኛ ክፍሎች ሲመቱ የሚወጣውን ሹል ሞገድ) ስፋት በመለካት ደህና ነው፣ ሪትም (የምቱ ተራ) ላይ ሲመጣ ግን ምቱ ከተዘበራረቀ ወይም ታካሚው ከተንቀጠቀጠ ይስታል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን (ከዚህ በኋላ ኤፊብ ልበለው) ሳይነስ ከትርፍ ምት ጋር ነው ይላል፣ ብርድ ብርድ ብሎት የሚንቀጠቀጥን ሰው ደሞ ኤፊብ አለበት ይላል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡ ነው፣ አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ ከዛ ገልጠሽ አወዳድሪ።

እንዴት ትለዪዋለሽ? ከታች ረዘም ብሎ የሚሮጠውን የሊድ ሁለት መስመር (ሊድ ማለት ልብን ከአንድ አቅጣጫ የሚያይ መስመር ነው) ያዢ። የነጭ ወረቀት ጠርዝ ከስሩ አድርጊና በተከታታይ የአር (የኪው አር ኤሱ ወደላይ የሚሾለው) ጫፎች ትይዩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ሶስት አራት ምልክት ይበቃል፣ ከዛ ወረቀቱን ወደ ጎን አንሸራትቺው። ምቱ መደበኛ ከሆነ ምልክቶቹ በሚቀጥሉት ጫፎች ላይ ይገጥማሉ። ትርፍ ምት ብቻ ከሆነ መሰረቱ ይገጥምና አንዷ ምት ቀድማ ትመጣለች፣ ከኋላዋ ትንሽ እረፍት አለ፣ ከዛ ተራው ይቀጥላል፣ ከመደበኛዎቹ ምቶች በፊት ደሞ ፒ ዌቭ (ላይኛው ክፍል ሲመታ የሚወጣው ትንሽ ጉብታ) በግልጽ አለ። ኤፊብ ከሆነ ግን የትም ብታንሸራትቺው አይገጥምም፣ ምንም ተራ የለውም፣ ፒ ዌቭም የለም፣ መስመሩ ዝም ብሎ ይርገበገባል (ቪ1 ላይ፣ ደረት ላይ ከሚለጠፉት የመጀመሪያው ላይ፣ በደንብ ስለሚታይ እዛም እዪ)። በጣም ፈጣን ሲሆን፣ 160 170 ሲገባ፣ በአይን መደበኛ ይመስላል፣ ለዛ ነው ወረቀቱ የሚያስፈልገው። ሬቱን ደሞ በሳጥን አትቁጠሪው፣ አንድ ሙሉ ኢሲጂ በተለመደው ፍጥነት 10 ሰከንድ ነው፣ ከዳር እዳር ያሉትን ኪው አር ኤሶች ቁጠሪና በ6 አባዢ በቃ።

አሁንም ከተጠራጠርሽ እጅሽን ተጠቀሚ። አንቺ በስቴቶስኮፕ ልቧ ላይ ስትቆጥሪ ሌላ ሰው በዛው ደቂቃ የእጅ አንጓዋን ይቁጠር። ኤፊብ ላይ አንዳንዱ ምት ልብ ሳይሞላ ስለሚመታ እጅ ላይ አይደርስም፣ ልብ ላይ 150 እጅ ላይ 115 ልታገኚ ትችያለሽ። ፐልስ ኦክሲሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ቻርት ላይ የምትጽፉ ከሆነ የዚህን ሰው ምት አሳንሳችሁ እየጻፋችሁ ነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ። የውጭ መጽሐፍ ብታነቢ ኤፊብ የሽማግሌ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ጉዳይ ሆኖ ነው የተጻፈው፣ ለእነሱ እውነት ነው። እኛ ጋ ግን የ27 ዓመት ሴት ኤፊብ ይዛ ከመጣች ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሰርቶላት ሌላ እስኪባል ድረስ የሩማቲክ ልብ ህመም፣ በተለይም የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ነው ብለሽ ያዢው። በልጅነት ቶንሲል ታመመች፣ በደንብ አልታከመም፣ ምናልባት መገጣጠሚያዋ አብጦ ነበር፣ ቫልቩ ቀስ በቀስ እየተኮማተረ መጣ፣ የግራው ላይኛ ክፍል ደም ወደታች ማሳለፍ ሲያቅተው እየሰፋ ሄደ፣ ሲሰፋ ኤሌክትሪኩ ተበታተነ። ወጣት ሴት "ልቤ ይመታል፣ ይጨንቀኛል" ስትል ጭንቀት ነው፣ ደም ማነስ ነው፣ የቤት ጣጣ ነው እየተባለ የሚመለሱት በጣም ያሳዝነኛል፣ አንዳንዶቹ መጀመሪያ የሚታወቅላቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ በስትሮክ ሲመጡ ነው፣ በ30 ዓመታቸው! ጭንቀት ልብን ያፈጥናል እንጂ ምቱን ተራ አያሳጣውም፣ ስለዚ ተራ የሌለው ምት አይተሽ ማንም "ጭንቀት ነው" ቢልሽ እሺ አትበዪ።

የመጀመሪያውን ኢሲጂ ካስቀመጣችሁት አውጥተሽ እንደገና እዪው። ሳይነስ ሆኖ ካገኘሽውም ፍንጭ ሊኖረው ይችላል፦ ሊድ ሁለት ላይ ፒ ዌቭ ሰፍቶ (ከሶስት ትናንሽ ሳጥን ማለትም ከ0.12 ሰከንድ በላይ) ጫፉ ለሁለት ከተከፈለ፣ ቪ1 ላይ ደሞ የፒው ሁለተኛ ግማሽ ሰፋ ብሎ ወደታች ከወረደ የግራው ላይኛ ክፍል ተለጥጧል። አክሲሱ (የልብ ኤሌክትሪክ አጠቃላይ አቅጣጫ) ወደ ቀኝ ከዞረና ቪ1 ላይ አር ከፍ ካለ ደሞ ግፊቱ ሳንባን አልፎ የቀኝ ልብ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ከኤፊቡ በፊት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል፣ ያኔ ብንይዛት ስንት ነገር እናተርፍ ነበር።

ለሷ ዛሬ ምን ይደረግ? ዶክተሩ የሚወስነው ቢሆንም አንቺም ለምን እንደሆነ እወቂው። ቫልቩ ጠባብ ስለሆነ ደሙ የሚያልፈው ልብ በምታርፍበት ጊዜ ነው፣ ምቱ ሲፈጥን እረፍቱ ያጥራል፣ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ለዛ ነው በ150 ትንፋሽ ያጠራት። ስለዚ ሳንባ ውስጥ ውሃ ካለ ፍሮሴማይድ (ውሃን በሽንት የሚያስወጣ መድሃኒት)፣ ኦክሲጅኗ ከወረደ ኦክሲጅን፣ ከዛ ምቱን ማብረድ ነው ትልቁ ስራ። ቢፒዋ (የደም ግፊቷ) ከወደቀ ወይም ራሷን እየሳተች ከሆነ ሾክ (በማሽን የሚሰጥ ኤሌክትሪክ) ያስፈልጋታል። ደህና ከሆነች ግን ዝም ብሎ ወደ ሳይነስ ለመመለስ መቸኮል የለም፣ ላይኛው ክፍል ውስጥ የተኛ ክሎት (የረጋ ደም) ካለ ምቱ ሲስተካከል ተነስቶ ጭንቅላት ይገባል። ደም ማቅጠኛ ደሞ የግድ ነው። ስልክ ላይ ያለው የስትሮክ ነጥብ ማስያ 27 ዓመት ሴት ብለሽ ስታስገቢ ዝቅተኛ አደጋ ይልሻል፣ ለሷ አይሰራም፣ መካከለኛም ሆነ ከባድ የሚትራል ጥበት ያለበት ሰው ነጥብ አይቆጠርለትም፣ በቀጥታ ዋርፋሪን ነው፣ አይ ኤን አር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራ) ከ2 እስከ 3። አይ ኤን አር ክትትል አስቸጋሪ ስለሆነ አዲሶቹን ክኒኖች ለምን አንሰጥም የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፣ በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ከ4500 በላይ የሩማቲክ ልብና ኤፊብ ያለባቸውን ሰዎች አይቶ ከአዲሶቹ አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ የዋርፋሪን ወገን መድሃኒት የወሰዱት በህይወት የመቆየት እድላቸው የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘው፣ ስለዚ አስቸጋሪም ቢሆን ዋርፋሪኑ ነው። የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠይቂ፣ እርግዝና ካለ የዋርፋሪኑ ውሳኔ ይቀየራል፣ አደጋዋም በጣም ይጨምራል፣ ብዙዎቹ ህመሙ የሚገለጥባቸው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ወይም እንደወለዱ ነው። ሪፈሩ ላይ "ኢኮ ይሰራላት፣ ሚትራል ስቴኖሲስ ተጠርጥሮ" ብሎ ይጻፍ፣ "ታኪካርዲያ" ብቻ ተብሎ የሄደ ወረቀት ወረፋ ውስጥ ይጠፋል። ሩማቲክ መሆኑ ከተረጋገጠ የወር መርፌዋ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊኑ፣ እናንተ ጋ በየሶስት ወይ በየአራት ሳምንቱ መሰጠት ይችላል፣ ለመርፌ ብላ ከተማ መመላለስ የለባትም።

እሺ አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ከማንበብሽ በፊት ግን ወረቀቱ ራሱ ልክ መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። የእጅና የእግር ኬብሎች ቀለም ሁለት ዓይነት አሰራር አለ፦ በአውሮፓው ቀይ ቀኝ እጅ፣ ቢጫ ግራ እጅ፣ አረንጓዴ ግራ እግር፣ ጥቁር ቀኝ እግር ነው፤ በአሜሪካው ደሞ ነጭ ቀኝ እጅ፣ ጥቁር ግራ እጅ፣ ቀይ ግራ እግር፣ አረንጓዴ ቀኝ እግር ነው። በእርዳታ የመጣ ማሽን ከየትኛውም ሊሆን ስለሚችል ቀለሙን ትተሽ ኬብሉ ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቢ። ሁለቱ እጆች ከተቀያየሩ ሊድ አንድ ሁሉ ነገሩ፣ ፒውም ኪው አር ኤሱም ቲውም (ከኪው አር ኤሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ)፣ ወደታች ይገለበጣል፣ ኤ ቪ አር የሚባለው ሊድ ደሞ ወደላይ ይሆናል፣ ይሄን ካየሽ ማንንም ሳትጠሪ ኬብሉን አስተካክለሽ ድገሚው። ቪ1 እና ቪ2 አራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ናቸው፣ ቀኝና ግራ፤ ብዙ ሰው ከፍ አድርጎ ሁለተኛው ላይ ይለጥፋቸዋል፣ እንደዛ ሲሆን የድሮ ሃርት አታክ ያለ የሚመስል ነገር ይወጣል። ቪ4 አምስተኛው ክፍተት ላይ ነው፣ ሴት ላይ ጡት ስር እንጂ ጡት ላይ አይደለም፣ መጋረጃ ሳቢና ነጠላዋን ደርበሽላት አስተካክለሽ ለጥፊ፣ በይሉኝታ በልብስ ላይ ወይም በግምት የተለጠፈ ኢሲጂ ለሷም ለኛም አይጠቅምም። የሚቀባ ጄል ከሌለ በውሃ የራሰ ጥጥ ይሰራል። ከዛ ፍጥነቱ 25 ሚሊሜትር በሰከንድ፣ ከፍታው 10 ሚሊሜትር በሚሊቮልት መሆኑን ከታች እዪ፣ ሰዓቱንና በዛ ሰዓት ህመሙ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን በእስክሪብቶ ጻፊበት።

አንድ ትንሽ ሳጥን 0.04 ሰከንድ፣ አንድ ትልቅ ሳጥን 0.2 ሰከንድ ነው። ለድንገተኛ ክፍል ከዚህ በላይ ብዙ ሂሳብ አያስፈልግሽም። አራት ነገር ብቻ በቅደም ተከተል ጠይቂ፦ ፈጣን ነው ዘገምተኛ፣ ተራ አለው የለውም፣ ኪው አር ኤሱ ጠባብ ነው ሰፊ (ከሶስት ትናንሽ ሳጥን ከደረሰ ሰፊ ነው)፣ ፒ ዌቭ አለ ወይ ካለስ ከኪው አር ኤሱ ጋር ይተዋወቃል ወይ።

ፈጣን ሆኖ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ተራ ያለው ከሆነ ሩጪ። ይሄ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ቪቲ፣ ከልብ ታችኛ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት) ነው፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያወራሽ ቢፒው 120 ቢሆንም ነው! ይሄን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሐኪም "ደህና ስለሆነ ይሄ ቪቲ አይሆንም" ብሎ ቬራፓሚል የሚባለውን ምት ማብረጃ ስለሚሰጥ ነው፣ እንደዛ ተደርጎ ልቡ ይቆማል። ያንቺ ስራ ዲፊብሪሌተሩን (ሾክ የሚሰጠውን ማሽን) አልጋው አጠገብ ማምጣት፣ ካኑላ ማስገባት፣ ዶክተሩን መጥራት ነው፣ ፐልስ ከሌለው ደሞ ደረት መጫን ትጀምሪያለሽ፣ ሾክ ወዲያው። ፈጣን፣ ሰፊ ግን ተራ የሌለው፣ 200 እና ከዛ በላይ የሚሮጥ ከሆነም ሩጪ፣ ይሄ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ይዞ የተወለደ ሰው ኤፊብ ሲገባ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፣ የተለመዱት ምት ማብረጃዎች፣ ዲጎክሲንና ቬራፓሚል፣ እዚህ ሰው ይገድላሉ። (በደህናው ጊዜ የተነሳ ኢሲጂው ላይ ፒ አር፣ ከፒው እስከ ኪው አር ኤሱ ያለው ጊዜ፣ አጥሮ ኪው አር ኤሱ ሲጀምር ለስለስ ብሎ የሚወጣ ዳገት ይታያል፣ ደልታ ዌቭ የሚባለው።)

ፈጣን፣ ጠባብ፣ ተራ ያለው ከሆነ ደሞ ሬቱን እዪ። ከ100 እስከ 140 ሆኖ ፒ ዌቭ ከያንዳንዱ በፊት ካለ ሳይነስ ነው፣ ልቡን ተዪና ምክንያቱን ፈልጊ፣ ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ ታይሮይድ፣ ጫት፣ የሳንባ ክሎት። ልክ 150 አካባቢ ቆሞ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ኤትሪያል ፍለተር ጠርጥሪ፣ ላይኛው ክፍል በ300 ይመታል ግማሹ ብቻ ነው ወደታች የሚያልፈው፣ ሊድ ሁለት፣ ሶስትና ኤ ቪ ኤፍ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ፈልጊ። 180 200 ሆኖ ፒ የማይታይና "ድንገት ጀመረኝ" የሚል ወጣት ከሆነ ኤስ ቪ ቲ (ከታችኛዎቹ ክፍሎች በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት) ነው፣ ቢፒው ደህና ከሆነ እዛው መሞከር የሚቻል ነገር አለ፦ ግማሽ ተቀምጦ በ10 ሚሊ ሲሪንጅ ጫፍ ፒስተኑ እስኪነቃነቅ 15 ሰከንድ ያህል በደንብ ይንፋ፣ ከዛ ወዲያው በጀርባው አስተኝተሽ እግሮቹን ወደላይ ለ15 ሰከንድ ያዢለት። በ2015 የወጣው ሪቨርት የተባለ ጥናት ላይ እግር በማንሳት የተሰራው 43 በመቶው ላይ ሰርቷል፣ ሳይነሳ የተሰራው 17 በመቶ ብቻ። ካልሰራ አዴኖሲን (ምቱን ለአፍታ የሚቆርጥ መድሃኒት) ካለ 6 ከዛ 12 ሚሊግራም በትልቅ ደም ስር በፍጥነት ተገፍቶ ወዲያው ሳላይን ይከተለዋል፣ ታካሚውን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ለጥቂት ሰከንድ የመሞት ስሜት ይሰማዋል ግን ያልፋል። ኢሲጂውን ደሞ ሲቀየር እያተመ እንዲቆይ አድርጊ፣ ያቺ ወረቀት ለኛ ወርቅ ናት።

ዘገምተኛው ላይ ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል። 50 የሚመታ ሯጭ ወይም የጉልበት ሰራተኛ ችግር የለበትም። የሚያስሮጥሽ ፒው እና ኪው አር ኤሱ መተዋወቅ ሲያቆሙ ነው፦ ፒው በራሱ ተራ እየሄደ፣ ኪው አር ኤሱ በራሱ ተራ፣ 30 40 እየመታ፣ አንዱ ካንዱ ጋር ምንም ሳይገናኝ። ያ ሙሉ ብሎክ ነው፣ ከላይ ወደታች የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም። "ራሴን ስቼ ወደቅኩ" ብሎ የመጣ ሽማግሌ ላይ ሁሌ ፈልጊው፣ የሚጥል በሽታ ተብሎ የሚጥል በሽታ መድሃኒት ሲወስድ የኖረ ስንት አለ መሰለሽ። ፒ አር ሳይረዝም ድንገት አንድ ኪው አር ኤስ የሚጎድልበት፣ ሞቢትዝ ሁለት የሚባለውም፣ ዛሬ ደህና ቢመስልም ነገ ሙሉ ብሎክ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይላክ። ፒ አር እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ አንድ የሚጎድልበት ግን ብዙ ጊዜ አያስቸኩልም። ምት የሚያፈጥነው ኤትሮፒን ይሞከራል፣ ሰፊ ኪው አር ኤስ ባለበት ሙሉ ብሎክ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም፣ አድሬናሊን ወይም ዶፓሚን በድሪፕ ይዞ ፔስሜከር ወዳለበት መሄድ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ዲጎክሲን የሚወስዱ የሩማቲክ ታካሚዎች ብዙ ስለሆኑ። ኤፊብ ያለበት ሰው ሲመጣ ምቱ ድንገት ቀጥ ብሎ ተራ ይዞ 40 ሆኖ ካገኘሽው "ሪትሙ ተስተካከለ" ብለሽ ደስ እንዳይልሽ፣ ፒ ዌቭ ከሌለ ኤፊቡ አሁንም አለ፣ ወደታች የሚያልፍ ግን የለም፣ ዲጎክሲን በዝቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ማስመለስ፣ ምግብ መጥላት፣ እይታ መቀየር ካለው በቃ። ኤስ ቲው (ከኪው አር ኤሱ እስከ ቲው ያለው መስመር) ብቻ ጎበጥ ብሎ ወደታች መውረዱ ግን መድሃኒቱን መውሰዱን እንጂ መመረዙን አያሳይም።

ቀጥሎ ፖታሲየም ሲበዛ። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያመለጠው፣ ሽንት ያጣ፣ ወይም ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል አብሮ እየወሰደ ተቅማጥ የያዘው ሰው ደካክሞ ሲመጣ ኢሲጂ አንሺ፣ የላብ ውጤት አትጠብቂ። መጀመሪያ ቲ ጠባብና ጫፉ የሾለ ሆኖ ይረዝማል፣ ከዛ ፒው እየጠፋ ይሄዳል፣ ኪው አር ኤሱ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ሁሉም ተቀላቅሎ አንድ ትልቅ ሞገድ ይሆናል፣ ከዛ ልብ ይቆማል። የኔ ህግ ቀላል ነው፦ ሰፊ፣ ዘገምተኛና ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነገር ካየሁ ፖታሲየም ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ስር ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ኢሲጂው ሲስተካከል ታያለሽ፣ ፖታሲየሙን ግን አያወርደውም፣ ጊዜ ነው የሚገዛልሽ፣ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር መከተል አለበት።

አሁን ደረት ህመም። የደረት ህመም ያለው ሰው በር ከገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂው መነሳትና መታየት አለበት፣ ካርድ እስኪወጣ አይጠበቅም። እኛ ጋ የሚያመልጠን ሰው እንደዚህ ነው፦ የ52 ዓመት ጎልማሳ፣ ስኳር አለበት፣ "ጨጓራዬ ነው የተነሳብኝ" ብሎ ሆዱን ይዞ ላብ አጥምቆት ይመጣል፣ ሃርት አታክ ሆኖ ሳለ ኦሜፕራዞል ተሰጥቶት ይሄዳል። ሊድ ሁለት፣ ሶስትና ኤ ቪ ኤፍ ላይ ኤስ ቲ ከፍ ብሏል ወይ፣ ኤ ቪ ኤል ላይ ደሞ በተቃራኒው ወርዷል ወይ እዪ። ኤ ቪ ኤል ላይ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ይታያል። እንዲህ ሆኖ ካገኘሽው ቪ4ን ወደ ቀኝ ደረት አዙረሽ አንድ ጊዜ ድገሚው፣ እዛም ከፍ ካለ ቀኝ ልብ ተመቷል፣ ከምላስ ስር የሚደረገው ናይትሬት ቢፒውን ይጥለዋልና ለዶክተሩ ቶሎ ንገሪ። አስፕሪን 300 ሚሊግራም ያኝክ፣ አለርጂ ወይም የሚደማ ነገር ከሌለው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ኖርማል መሆኑ ነጻ አያወጣውም፣ ህመሙ ካለ በየ15 በየ30 ደቂቃው ድገሚ፣ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እዪያቸው።

በሌላ በኩል ኤስ ቲ ከፍ ያለ ሁሉ ሃርት አታክ አይደለም። ጤነኛ ወጣት ወንድ ቪ2 እስከ ቪ5 ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ኤስ ቲ፣ ትልቅ ቲ ይዞ በጣም የተለመደ ነው፣ ከሰዓት ሰዓት አይቀየርም፣ የሚወርድ ተቃራኒ ሊድ የለውም። ሁሉም ሊድ ላይ ማለት ይቻላል ከፍ ብሎ ፒ አሩ ደሞ ወደታች ከሆነ፣ ሲተኛ የሚብስ ወደፊት ሲያጎነብስ የሚሻለው ህመም ካለ፣ የልብ ሽፋን መቆጣት ነው። ኪው አር ኤሶቹ በጠቅላላ ያነሱ ከሆነ (እጅና እግር ሊዶች ላይ ከ5 ሚሊሜትር በታች)፣ ምቱ ፈጣን ከሆነና የኪው አር ኤሱ ቁመት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እየሆነ ከተፈራረቀ ልብ ዙሪያ ውሃ ሞልቷል፣ እኛ ሀገር ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። የአንገት ደም ስሩ ተወጥሮ ቢፒው ከወረደ እሱም የሩጫ ነው፣ ውሃው በመርፌ መቀዳት አለበት፣ ፍሮሴማይድ ደሞ ያባብሰዋል።

ኪው ቲ የሚባለው (ከኪው አር ኤሱ መጀመሪያ እስከ ቲው መጨረሻ ያለው ጊዜ) ላይ ብዙ ሰው አይን የለውም። ምቱ መደበኛ ሆኖ ከ60 እስከ 100 ባለ ሬት ላይ የቲው መጨረሻ ከሁለት አር መካከል ግማሹን ካለፈ ረዝሟል ማለት ነው፣ ለክተሽው በሬቱ የተስተካከለው ከ500 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ አደገኛ ነው። መድሃኒት የተላመደ ቲቢ ክሊኒክ ያላችሁ ከሆነ በጣም ያስፈልግሻል፣ ቤዳኩዊሊን፣ ክሎፋዚሚንና ሞክሲፍሎክሳሲን ሶስቱም ያስረዝማሉ፣ እሱ ላይ ታካሚው ሲያስመልሰው ማስመለስ የሚያቆመው ኦንዳንሴትሮን ይጨመራል፣ በማስመለሱ ፖታሲየሙ ይወርዳል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይደመራል። የሚመጣው ቶርሳድ ነው፣ ሰፊ ሆኖ ከፍታው እያደገ እያነሰ የሚጠማዘዝ ፈጣን ምት፣ ማግኒዥየም 2 ግራም በደም ስር፣ ፐልስ ካጣ ሾክ፣ ያስረዘሙትን መድሃኒቶች ማቆም፣ ፖታሲየም መሙላት።

የማያስሮጡሽንም ልንገርሽ፣ በየቀኑ ዶክተሩን በነሱ ከጠራሽው ቀስ በቀስ መምጣት ይተዋል። ወጣት ላይ ሲተነፍስ የሚፈጥን ሲያስወጣ የሚዘገይ ምት፣ ፒው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ጤነኛ ነው። አልፎ አልፎ የምትመጣ አንድ ትርፍ ምት፣ ቪ1 ላይ ብቻ የተገለበጠ ቲ፣ ምንም ምልክት የሌለው ሰው ላይ ብቻውን ያለ የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ (ወደ ቀኝ ልብ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት)፣ ትንሽ የረዘመ ፒ አር፣ እነዚህ ካርዱ ላይ ይጻፉ፣ በመደበኛ ሰዓት ይታዩ። ትንፋሽ ያጠረው፣ የወደቀ፣ ደረቱን የያዘ ሰው ላይ ከታዩ ግን ሰውየውን ተከተዪ፣ ወረቀቱን አይደለም።

በመጨረሻ የወረቀቱ ጉዳይ። የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየቆየ ይደበዝዛል፣ ስለዚ በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ስሙን ሸፍነሽ፣ ሙሉ ወረቀቱ ከነሳጥኖቹ እንዲታይ ከላይ ቀጥ አድርገሽ፣ ጥላ ሳይወድቅበት። አንዱን ኮፒ ደሞ ለታካሚው ስጪው፣ "የትም ጤና ተቋም ስትሄድ ይዘህ ሂድ" በይው። የግራ ቅርንጫፍ ብሎክ ያለበት ሰው ደረቴን አመመኝ ብሎ ሌሊት ሲመጣ ከአምስት ዓመት በፊትም እንደዛው እንደነበር የምታሳይ አንዲት የድሮ ወረቀት ካለች የዛን ሌሊት ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ትቀይረዋለች።